ቴንስ ወይስ ኢኤምኤስ? የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ አመራረጥ

ሁለቱም በመዳፍ የሚያዙ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ከሁለቱም ገመድ ይወጣል፤ በገመዱ ጫፍ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓድ አለ። ሲበሩ ሁለቱም ቆዳን ነዘር ነዘር ያደርጋሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ልዩነታቸው የዋጋና የብራንድ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ቴንስ የሕመም ስሜትን ለማስታገስ የተሠራ ነው፤ ኢኤምኤስ ደግሞ ጡንቻን እያኮማተረ ለማሠራት። ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ጭኑ የሳሳበት ሰው ቴንስ ገዝቶ አንድ ወር ሙሉ ቢለጥፍ ጭኑ እንደሳሳ ይቀራል። ወገቡን የሚያመው ሰው ደግሞ ኢኤምኤሱን ወገቡ ላይ ለጥፎ ጡንቻውን ሲያኮማትር ቢያመሽ፣ በማግስቱ በሕመሙ ላይ የዛለ ጡንቻ ጨምሮ ይነሣል።

በሕክምና ጽሑፎች ኢኤምኤስ ብዙ ጊዜ ኤንኤምኢኤስ ተብሎ ይጠራል፤ ጡንቻን በነርቩ በኩል ማነቃቃት ማለት ነው። ረጅሙ ስም ይበልጥ ትክክል ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል፤ የመሣሪያ ምርጫውም ከዚያው ይመነጫል።

ኤሌክትሪኩ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሥራ ላይ ያልሆነ ነርቭ ውስጡ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር 70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ነው። በሁለት ፓዶች መካከል ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ በኔጋቲቩ ፓድ ሥር ይህ ልዩነት ይቀንሳል። ወደ 55 ሚሊቮልት ሲወርድ ነርቩ ይተኩሳል፤ መልእክቱ በነርቩ ላይ ሮጦ ጡንቻው ጋ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል ይለቀቅና ጡንቻው ይኮማተራል። ትእዛዙ ከአንጎል ይምጣ ከሳጥኑ፣ ለጡንቻው ልዩነት የለውም። ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ የሞተ እንቁራሪት እግር እንደሚንፈራገጥ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ ሳጥኑ የሚያነቃው ነርቩን እንጂ ጡንቻውን በቀጥታ አይደለም። ነርቭ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች በሆነ ምት፣ ማለትም በአጭር የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ይነሣል። የጡንቻ ክር ግን ነርቩ ከተለየው በኋላ በአሥር፣ አንዳንዴም በመቶ ሚሊሰከንድ የሚለካ ረጅም ምት ይፈልጋል። ለቤት የሚሸጡት ሳጥኖች የሚሰጡት ረጅሙ ምት አብዛኛውን ጊዜ 0.4 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ነርቩ የተቆረጠበት ሰው፣ ለምሳሌ ክንዱን ተወግቶ እጁ የተንጠለጠለ፣ የትኛውንም ውድ ኢኤምኤስ ቢገዛ ጡንቻው አይነሣለትም። በስትሮክ ወይም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ በሚገኘው ነርቭ ጉዳት ሽባ የሆነ ጡንቻ ግን በአብዛኛው ይነሣል፤ የተጎዳው ከላይ ያለው የትእዛዝ መስመር ነው፣ ከአከርካሪ እስከ ጡንቻው ያለው ነርቭ ጤነኛ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ከሐኪም ጋር መጨረስ ከየትኛውም የመሣሪያ ንጽጽር ይቀድማል።

ሳጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ቢመስሉም መሠረታዊዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የምቱ ኃይል ነው፤ በሚሊአምፒር ይለካል። ሁለተኛው የምቱ ስፋት ነው፤ እያንዳንዱ ምት የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው፣ በማይክሮሰከንድ (የሚሊሰከንድ አንድ ሺኛ)። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ በሰከንድ ስንት ምት እንደሚወጣ፣ በሄርዝ። ኃይሉን ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ሰውነት የሚመልሰው በተራ ነው፦ መጀመሪያ የመነካት ስሜት የሚያመላልሱት ወፍራም ነርቮች ይነሡና ቆዳ ይነዝራል፤ ቀጥሎ ጡንቻን የሚያዙት ይነሡና ጡንቻው ይንቀጠቀጣል ወይም ይወጠራል፤ ከዚያም በላይ ሲሄዱ ሕመም የሚያመላልሱት ቀጫጭን ነርቮች ይነሡና ይወጋል። ምቱ ጠባብ ሲሆን፣ ማለትም ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ፣ በመነዘርና በመኮማተር መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ቴንስ የሚፈልገው ይህንን ነው። ምቱ ከ200 እስከ 400 ሲሆን የጡንቻ ነርቮች በቀላሉ ይነሣሉ፤ ይህ ደግሞ የኢኤምኤስ መንደር ነው።

ድግግሞሹን በዓይን ማየት ይቻላል። በ2 ሄርዝ ጡንቻው እንደ ልብ ትርታ ቱክ ቱክ ይላል። 15 አካባቢ ሲደርስ መንቀጥቀጡ መቀላቀል ይጀምራል፤ ከ30 በላይ ሲሆን ምቶቹ ተደራርበው ጡንቻው ሳይንቀጠቀጥ ተወጥሮ ይቆያል። ከዚያ በላይ መውጣት ኃይሉን ትንሽ ይጨምራል፤ ድካሙን ግን በብዙ።

ድካሙ የሚመጣበት ምክንያት አለው። በራስዎ ፈቃድ ጡንቻ ሲያኮማትሩ አንጎል መጀመሪያ ትንንሾቹንና የማይደክሙትን ክሮች ይጠራል፤ ሥራውም ሲረዝም አንዱን አሳርፎ ሌላውን ይተካል። ሳጥኑ እንዲህ ያለ ጨዋነት የለውም። ለፓዱ የቀረቡትን ክሮች፣ ሁልጊዜ እነዚያኑ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራል። ለዚህ ነው ኢኤምኤስ ላይ የእረፍት ሰከንድ የግድ የሚሆነው፤ በራሱ እጁን ማንሣትና እግሩን መዘርጋት ለሚችል ጤነኛ ሰው ደግሞ ከተራ ስፖርት የማይበልጠው ለዚህ ነው።

ሕመም ከሆነ ጉዳዩ፦ ቴንስ

የቴንስ ሐሳብ የተመሠረተው ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። አከርካሪ ውስጥ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚያልፍበት በር እንዳለ ያስቡ። የመነካት ስሜት የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች ሲበረቱ በሩ ይጠባል። ክርኑን ግድግዳ የመታው ሰው ሳያስብ ክርኑን የሚያሸው ያንኑ እያደረገ ነው። ቴንስ ይህንን ማሸት በኤሌክትሪክ ይሠራዋል።

ሁለት ዓይነት አጠቃቀም አለው። የተለመደው ከፍተኛ ድግግሞሽ ነው፦ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ፣ ምቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ፣ ኃይሉ ጠንከር ያለ ግን የማያም፣ ጡንቻ የማያኮማትር። እፎይታው በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ሳጥኑ ሲጠፋም ብዙ ሳይቆይ ይሄዳል። ሁለተኛው ዝቅተኛው ነው፦ ከ2 እስከ 4 ሄርዝ፣ ምቱ 200 ማይክሮሰከንድ አካባቢ፣ ጡንቻው ቱክ ቱክ ሲል እስኪታይ ድረስ ከፍ የተደረገ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ይሄኛው ዘግይቶ ይጀምራል፤ ግን ካጠፉት በኋላም ይቆያል፣ ምክንያቱም ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸውን ሞርፊን መሰል ኬሚካሎች ያስለቅቃል። ሞርፊን ወይም ትራማዶል የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው ዝቅተኛው ላይሠራለት ይችላል፤ መንገዱን መድኃኒቱ አስቀድሞ ይዞታልና ከፍተኛውን ቢሞክር ይሻለዋል።

"ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም" ከሚሉት ብዙዎቹ ኃይሉን ለስላሳ ላይ ትተውት ነው። በቀላሉ መነዘር ብቻ ሕመም አያስታግስም፤ "ከዚህ በላይ ከሆነስ ደስ አይለኝም" የሚሉበት ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ ስሜቱ የደበዘዘ ከመሰለም ሳጥኑ አልደከመም፣ ነርቩ ለምዶት ነው፤ ትንሽ ይጨምሩ። ሌላው ልማድ በቀናት የሚመጣው ነው፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ቁጥር የሚጠቀም ሰው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን አካባቢ ውጤቱ ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ ድግግሞሹን በራሱ እየለዋወጠ የሚሄድ ፕሮግራም ያለውን ይምረጡ፤ ወይም ከፍተኛና ዝቅተኛውን ራስዎ ያፈራርቁ።

ፓዶቹ ሕመሙን ከሁለት ወገን ከብበው ይለጠፋሉ። ቆዳው የደነዘዘበት ቦታ ላይ ግን አይለጠፉም፤ የማይሰማ ቆዳ መልእክት አይልክም፣ ሲቃጠልም አይናገርም።

ከቴንስ ምን ይጠበቃል? በርቶ ባለበት ሰዓት የሚሰማ እፎይታ። በዚያ እፎይታ ውስጥ ለመራመድ፣ ፊዚዮቴራፒውን ለመሥራት ወይም ለመቀመጥ ከረዳ ዋጋ አለው። የሕመሙን ምንጭ ግን አያድንም። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቴንስ እንዳይሰጥ መክሯል። ስለዚህ "ወገቤን ያድንልኛል" ብሎ መግዛት ኪሳራ ነው፤ "ምሽቱን ያሳልፍልኛል" ብሎ መሞከር ግን ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ከተቻለ ተውሰው ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት።

ጡንቻ ከሆነ ጉዳዩ፦ ኢኤምኤስ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው።

ኢኤምኤስ ቦታው የሚታወቀው ፈቃድ ሲያቅት ነው። የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት በቀዶ ጥገና የተተካለት ወይም ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው ጡንቻው ሳይጎዳ እንኳ ጭኑን ማኮማተር ያቅተዋል። ያበጠ ጉልበት ወደ አከርካሪ የሚልከው መልእክት የጭኑን ነርቭ ያፍነዋልና። ሰውዬው ቢፈልግም ጡንቻው ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም፤ በሳምንታት ውስጥም ይሳሳል። ሳጥኑ ይህንን አፈና ዞሮ ያልፈዋል፤ ትእዛዙን ከአከርካሪ በታች ካለው ነርቭ ያስጀምራልና። በአልጋ የቆየ፣ በጀሶ የታሰረ፣ በስትሮክ የተመታ ሰውም ከዚሁ ወገን ነው።

የፊተኛውን የጭን ጡንቻ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሕመምተኛው ጉልበቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አጥፎ ይቀመጥ፤ ቁርጭምጭሚቱ ከወንበሩ እግር ጋር በማይለጠጥ ማሰሪያ ይታሰር፣ ጡንቻው ሲኮማተር እግሩ እንዳይወነጨፍ። ጉልበት ገና ቀዶ ጥገና በተደረገለት ሰሞን እግሩ ያለማሰሪያ ወደ ፊት ቢወረወር ጅማቱ ላይ ጫና ይመጣል፤ የጉልበቱን ማዕዘን ቀዶ ሐኪሙ የፈቀደው መሆኑንም ያረጋግጡ። ቆዳው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ቅባት ካለ ይወገድ፣ በደንብ ይድረቅ። ፀጉር ከበዛ በመቀስ ይከርከም፤ በምላጭ አይላጭ፣ ምላጭ የማይታዩ ጭረቶችን ይተዋልና ኤሌክትሪኩ እነሱን እየመረጠ ያቃጥላል። አንዱ ትልቅ ፓድ ከጉልበት ሎሚ በአራት ጣት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ በኩል ባለው የጡንቻ ጉብታ ላይ ይለጠፍ፤ ሌላው ከጭኑ በላይኛው ክፍል ወደ ውጭ ወገን።

ቁጥሮቹ፦ ምቱ ከ300 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ፤ ድግግሞሹ 50 ሄርዝ፣ ለጠንካራ ሥራ እስከ 75። 10 ሰከንድ ሥራ፣ 50 ሰከንድ እረፍት። ከ10 እስከ 15 ጊዜ መኮማተር፣ በሳምንት 3 ጊዜ ገደማ። ኃይሉ ሲጀምር በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ በአንዴ የሚጀምር ምት ሰውን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ኃይሉን አያስጨምርም።

ውጤቱን የሚወስነው ያ ኃይል ነው። ጡንቻው በፈቃዱ ሊያወጣ ከሚችለው ጉልበት ግማሹን ያህል ማውጣት ከቻለ ጥንካሬ በደንብ ይመለሳል። ደካማና አረጋዊ በሆነ ሰው ከዚያ ያነሰም ይጠቅማል፤ ጡንቻው ቆዳ ሥር ለስለስ ብሎ ሲላወስ ማየት ብቻ ግን ማንንም አላጠነከረም። ኃይሉ የሚጨመረው በመኮማተሩ ሰዓት እንጂ በእረፍቱ ሰዓት አይደለም፤ በእረፍት ላይ ቁጥሩን ጨምሮ የጠበቀ ሰው ቀጣዩ ምት ሲመጣ ከወንበሩ ይዘላል። ሰውዬው ሳጥኑ ሲያኮማትር አብሮ ራሱም ቢያኮማትር ይሻላል፤ ዞሮ ዞሮ መንገዱን የሚረከበው አንጎሉ ነው።

ሥራው ሳይሄድ ሲቀር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። ጡንቻው ሳይወጠር ቆዳው ከወጋ፣ ፓዱ ትንሽ ነው ወይም ደርቋል። በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ በ5ኛው መኮማተር ከተዝለፈለፈ፣ እረፍቱ አጥሯል ወይም ድግግሞሹ በዝቷል። የማይፈለገው ጡንቻ ከተነሣ ፓዱን በአንድ ጣት ስፋት ያንቀሳቅሱት፤ ነርቩ ወደ ጡንቻው የሚገባበት ነጥብ ትንሽ ናት፣ የሁለት ሳንቲሜትር ልዩነት ብዙ ይለውጣል። ሁሉም ትክክል ሆኖ ካልተነሣ፣ ቆዳ ሥር ያለው ስብ ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ ስብ ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም፣ ኃይለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ስብን ካነሣን፦ የሆድ ቀበቶ ኢኤምኤስ ስብ አያቀልጥም። የሆድ ጡንቻን ሊያጠነክር ይችላል፤ ከላዩ ያለውን ስብ ግን አይነካውም። በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም።

እግሩን እየጎተተ ለሚሄድ ሰው

ከኢኤምኤስ ዘመዶች አንዱ ኤፍኢኤስ ነው። ልዩነቱ ጡንቻውን የሚያኮማትረው ለልምምድ ሳይሆን ለሥራ፣ በሥራው ሰዓት መሆኑ ነው። ቭላዲሚር ሊበርሰን የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተዋወቀው ዘዴ እስካሁን ዋናው ምሳሌ ነው፦ በስትሮክ ምክንያት የእግሩ ጣት መሬት እየላሰ ለሚሄድ ሰው ተረከዙ ሥር ማብሪያ ይቀመጣል፤ ተረከዙ ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ይበራና እግሩን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ተረከዙ መሬት ሲነካ ይጠፋል። አሁን ያሉት መሣሪያዎች ከጉልበት በታች የሚታሰር ቀበቶ ሆነው የእግሩን ዝንባሌ በሴንሰር ያውቁታል።

አንዱ ፓድ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ካለችው የአጥንት ጉብታ ኋላና ሥር ይሆናል፤ ነርቩ ቆዳ ሥር እዚያ ያልፋል። ሌላው ከቅልጥሙ ውጭ በፊት በኩል ባለው ጡንቻ ላይ። እግሩ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ከተነሣ የላይኛውን ፓድ ወደ ፊት፣ ወደ ቅልጥሙ ጡንቻ ያቅርቡት፤ ወደ ውስጥ ከተገለበጠ ወደ ነርቩ መልሱት። ሰውዬው ወደ ውስጥ በተገለበጠ እግር እንዲራመድ አይተዉት፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እንዲያ ነው። ድግግሞሹ ከ20 እስከ 40 ሄርዝ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጡንቻ ስለሆነ ድካም ነው የሚፈራው።

ለዚህ ዓላማ ተራ ኢኤምኤስ መግዛት አይጠቅምም። ሰዓቱን ከእርምጃ ጋር አያገናኝምና።

ክሊኒክ ውስጥ የሚያዩዋቸው ሌሎች

ኢንተርፈረንሻል የሚባለው በአራት ፓድ ይሠራል፦ አንዱ ጥንድ 4000 ሄርዝ፣ ሌላው 4100 ሄርዝ ይልካል፤ ሁለቱ ሥጋ ውስጥ ሲገናኙ የ100 ሄርዝ ልዩነታቸው ነርቩ ላይ ይሠራል። ቆዳ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ኤሌክትሪክ ብዙ ስለማያግድ ምቾቱ ጥሩ ነው። ለሕመም ግን ከቴንስ በግልጽ ይበልጣል የሚያስብል ውጤት የለውም፤ ለቤት ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል አንመክርም።

የሩሲያ ከረንት የሚባለው በሶቪየቱ ተመራማሪ በያኮቭ ኮትስ ስም የሚታወቅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዝናው ወጣ። 2500 ሄርዝ የሆነውን ሞገድ 10 ሚሊሰከንድ አብርቶ 10 ሚሊሰከንድ እያጠፋ በሰከንድ 50 ጊዜ ይልካል። ጡንቻው የሚያየው ያንን 50 ነው። ጥሩ ተንቀሳቃሽ ኢኤምኤስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ማይክሮከረንት ከ1 ሚሊአምፒር በታች ስለሆነ ምንም አይሰማም፣ ጡንቻም አያኮማትርም። ማስረጃው ቀጭን ነው።

በልብስ መልክ መላ ሰውነትን የሚያነቃው ኢኤምኤስ ግን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ብዙ ትልልቅ ጡንቻ በአንድ ጊዜ፣ ያውም ድካም የማያውቅ ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ክሮቹ ፈርሰው ይዘታቸው ወደ ደም ሊገባና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ይህ በተለይ የሚያጋጥመው በመጀመሪያው ቀን ከልክ በላይ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ስፖርተኛ መሆን አያድንም። በመጀመሪያዎቹ ከ8 እስከ 10 ሳምንታት በሳምንት ከአንድ ጊዜ አይበልጥ፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ አጭርና ለስላሳ ይሁን። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፣ እቤት ውኃ እየጠጡ መጠበቅ አይደለም።

ሳጥኑን ሲያዩ ምን ያንብቡ?

ከጀርባው ወይም ከመመሪያው ላይ እነዚህን ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ከፍተኛው ኃይል በ500 ኦም ጭነት (በመለኪያ ጊዜ ሰውነትን በሚተካ የኤሌክትሪክ መቋቋም) ስንት ሚሊአምፒር እንደሆነ፣ የምት ስፋቱ እስከ ስንት እንደሚደርስ፣ ድግግሞሹ ከስንት እስከ ስንት፣ የሥራና የእረፍት ሰከንዱን ራስዎ መቀየር ይችሉ እንደሆነ። ለቴንስ 60 ሚሊአምፒር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለጭን ጡንቻ ግን ከ80 እስከ 100 ሚሊአምፒርና 300 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ሁለቱንም የሚሠራ ጥምር መሣሪያ እነዚህን ካሟላ ጥሩ ግዢ ነው። ቁጥር ሳይጽፍ የመዶሻ፣ የእጅና የእግር ሥዕል ብቻ ደርድሮ "ማሳጅ" የሚለው ሳጥን ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም፤ ለጡንቻ ማጠንከር አይግዙት።

ሌላ ሻጩ ብዙ ጊዜ የማይነግርዎ ልዩነት አለ። አንዳንዱ መሣሪያ የኤሌክትሪኩን መጠን ቋሚ ያደርጋል፣ ሌላው ቮልቴጁን። የመጀመሪያው መኮማተሩን እኩል ያቆየዋል፤ ነገር ግን ፓዱ በግማሽ ከተላቀቀ ያንኑ መጠን በቀረው ግማሽ ውስጥ ሊያሳልፍ ይሞክራልና ድንገት ይወጋል። ሁለተኛው ፓዱ ሲላቀቅ ይዳከማል እንጂ አይወጋም። ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር ለሚሠራ ሰው ደንቡ አንድ ነው፦ በርቶ ሳለ ፓድ አይነካም፣ አይላቀቅም።

የፓድ ስፋት ከሁሉም በላይ ችላ የሚባል ነገር ነው። 40 ሚሊአምፒር በ5 በ5 ሳንቲሜትር ፓድ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 1.6 ሚሊአምፒር ይደርሳል። ያው 40 ሚሊአምፒር 3 ሳንቲሜትር ስፋት ባላት ክብ ፓድ ሲያልፍ 5.7 ይሆናል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ለጭን፣ ለመቀመጫና ለወገብ 5 በ10 የሆነውን ይጠቀሙ፣ ትንንሾቹን ለእጅና ለፊት ክንድ ይተዉ። ከሳጥኑ ጋር የሚመጡት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። ገመዱ የሚሰካበት ባለ 2 ሚሊሜትር መርፌ ከሆነ ፓዱን ከማንኛውም አምራች ማግኘት ይቻላል፤ የራሱ የሆነ መሰኪያ ያለው መሣሪያ ግን ፓዱ ባለቀ ቁጥር ወደ ሻጩ ይመልስዎታል።

አንድ ፓድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያገለግላል። ጄሉ መድረቅ ሲጀምር በአንድ ሁለት ጠብታ ውኃ ጥቂት ይታደሳል፤ ጠርዙ ከተነሣ ወይም ጄሉ ከተሰነጠቀ ግን ይጣል። ካነሡት በኋላ ቆዳው ቀላ ብሎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ደህና ነው። ነጠብጣብ የሆነ፣ የሚያሳክክ ወይም በማግስቱም የቀጠለ ከሆነ ወይ ለማጣበቂያው አለርጂ ነው፣ ወይ ኤሌክትሪኩ በአንድ ቦታ ተከማችቷል። ቀጥተኛ ከረንት የሚሰጡ መሣሪያዎች የኬሚካል ቃጠሎ ያመጣሉ፤ በኔጋቲቩ ሥር አልካሊ፣ በፖዘቲቩ ሥር አሲድ ይጠራቀማል። ስለዚህ "ሚዛናዊ ባለ ሁለት አቅጣጫ ምት" የሚል ያለበትን ይምረጡ።

ማን አይጠቀም?

ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚጠብቅ የተተከለ መሣሪያ) ወይም የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚመልስ የተተከለ መሣሪያ ያለበት ሰው ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ አይንካው፤ የልብ መሣሪያው ምቱን የልብ ምት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በማንም ሰው ላይ የማይለጠፍባቸው ቦታዎች አሉ፦ የአንገት ፊት፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው የደም ግፊት መቆጣጠሪያ ሲነካ ግፊት በድንገት ሊወርድ፣ የጉሮሮ ጡንቻም ሊዘጋ ይችላል፤ ዓይን ላይ፤ አንዱ ፓድ በደረት ሌላው በጀርባ ሆኖ ልብን አቋርጦ። የነፍሰ ጡር ሆድ፣ ካንሰር ያለበት ቦታ፣ የተከፈተ ቁስል ላይም አይለጠፍም። የባት ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ኢኤምኤስ ባቱ ላይ ቢያደርግ የሚኮማተረው ጡንቻ የረጋውን ደም ሊያላቅቀው ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት በራስና በአንገት አካባቢ አይጠቀም። መኪና ሲነዱ፣ ሲተኙ፣ ውኃ ውስጥ ሲሆኑ ማጥፋት ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የ10 ደቂቃ ሙከራ

ሻጩ ከፈቀደ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን አጥፈው ይሞክሩት። አንዱን ትልቅ ፓድ ከጉልበት ሎሚ በላይ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ከጭን በላይኛው ክፍል ወደ ውጭ ይለጥፉ። 50 ሄርዝ፣ 300 ማይክሮሰከንድ ያድርጉትና ኃይሉን ከዜሮ ጀምሮ አንድ አንድ እያደረጉ ይጨምሩ። መጀመሪያ ይነዝራል። ከዚያ ጡንቻው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የጉልበት ሎሚው ወደ ላይ ሲሳብና ጭኑ በጣት ሲጫኑት እንደ እንጨት ሲጠነክር ያያሉ። ቁጥሩ ጣሪያው ላይ ደርሶ የጉልበት ሎሚው ካልተነቃነቀ፣ ሳጥኑ ለቴንስ ሊያገለግልዎ ይችላል፤ ለጡንቻ ግን ይመልሱለት።